ቅንፍ

ታሊን ላይ ኅዳር ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ቀን የለም፤
የምክር ቤቱ መብራት ግን የሰው ፊት ሲያገረጣ አይደክም።
እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሆነኝ ስጽፍ፣
የተባለውን እንደ ተባለ፣ ያልተባለውን በቅንፍ፦
ሳቅ ከሆነ (ሳቅ)፣ ጭብጨባ ከሆነ (ጭብጨባ)፤
አፌን ዘግቼ በጣቴ የምሰማ፣ ከነገሩ የማልገባ።

ዛሬ የቀረበው ረቂቅ ዐሥራ አንድ ገጽ ነው በጠቅላላ፤
ስለ አንድ ዱቄት፣ ከጨው ቅንጣት ቢያንስም ሰው የሚበላ።

ኬሚስቷ ተነሡ፤ ዶክተር ሬት ላነሜትስ፣ ድምፃቸው ደረቅ፦
"ስሙን ጽፈን ስናግደው፣ ሌላ ስም ይዞ ነው የሚዘልቅ።
ከሞለኪሉ ጫፍ አንዲት ጣት ይቆርጡና ሌላ ይቀጥላሉ፤
በማግስቱ 'ይህ እኮ በዝርዝሩ የለም፣ ሕጋዊ ነው' ይላሉ።
አርባ ስም አግደናል፤ አርባ አንደኛው ትናንት ማታ ደረሰ፤
ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ዘሩን" — አሉና ድምፃቸው አነሰ።

ከኋላ ወንበር አንድ አባል፣ ኡርቬ ካላስተ፣ ሐኪም የነበሩ፣
"ዘር ስናጠፋ እንጠንቀቅ" አሉ፣ በዝግታ ሲናገሩ፤
"የዚህ ዱቄት የሩቅ ዘመዱ ነው በካንሰር ክፍል የሚያድረው፣
ሌሊቱን ሙሉ የሚያቃስተውን ለአንድ ሰዓት የሚያሳርፈው።
መድኃኒት ሁለት ነው፤ የሚያድንም አለ፣ የሚያጠፋ፤
ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ፣ አንዱ በአንዱ ዕዳ እንዳይደፋ።"

ከዚያ "ወይም" ይሁን "እና" በሚል ግማሽ ሰዓት ተሟገቱ፤
ጽፌዋለሁ፣ ገጽ ሰባት ነው። አንዱ ሁለቴ አዛጋ፤
ማዛጋት በቅንፍ አይገባም፣ እንዲህ ይላል ሥርዓቱ።

ቀጥሎ ሴትዮዋ ተጠሩ፤ ከኮህትላ-ያርቬ፣ ከማዕድኑ ከተማ፣
ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ግን እስከ ኋላ ወንበር የሚሰማ።
ዚናይዳ ፓንፊሎቫ። በሩስኛ፣ አስተርጓሚው እየተከተላቸው፤
ጭናቸው ላይ ፌስታል አለ፤ ምን እንደ ያዘ ማንም አልጠየቃቸው።

"ልጄ ጌርማን በረኛ ነበር፤ ኳስ የማያልፈው፣ የታወቀ፤
ጉድጓድ ውስጥ ጀርባው ተሰብሮ እንቅልፍ ከዓይኑ እስከራቀ።
አንዲት ሰማያዊ ኪኒን ሰጠው ሰው፣ ለእንቅልፍ ነው ብሎ፤
እሷ ብቻ ናት ያለፈችው። ጠዋት ሶፋው ላይ ነበር፣
ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ።
የሞት ወረቀቱ መጣ። 'ምክንያት' የሚለው ሣጥን ውስጥ ሰረዝ፤
ስሙ ገና ከዝርዝር አልገባም አሉኝ፣ ያ የገደለው መርዝ።
ልጄን በስሙ ቀበርኩት። ገዳዩ ግን ስም የለውም።"

ከዚያ ጠየቁ፦ "ይህ ሕግ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራ?"
ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደሚፈልግ ሰው ሌላ ሥራ።
"ከታተመበት ቀን፣ እመቤቴ። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም።"
"ገባኝ" አሉ። "እኔ ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው የምሠራው፤
ወደ ፊት አላውቅበትም።"

ያኔ ሳል እንኳ ጠፋ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤
ዐርባ ሰከንድ። በሃያ ዓመቴ ይህን ያህል አልሰማሁ።
ደንቡ ለሳቅ ቅንፍ አለው፣ ለጭብጨባም፣ ለሁካታ፤
ለዚህ ግን የለውም። ጣቴ ከፊደሉ በላይ ሲያመነታ፣ ሲያመነታ
አንድ ቅንፍ ከፈትኩ፦ (
ምንም አልጻፍኩበትም።

በማግስቱ አራሚው ደወለ፦ "ገጽ ዘጠኝ ላይ ቅንፍ ከፍተሻል፤
ሳትዘጊው ነው የቀረሽው፣ ምነው፣ ረስተሻል?"
"አልረሳሁም" አልኩት። ረቂቁ ለሐሙስ ተቀጥሯል።
የኮህትላ-ያርቬው አውቶቡስ ማታውኑ ሄዷል።