ዓምድ አራት፦ ምንጭ

ሰባት ገጽ ሰንጠረዥ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ባሕር ዳር ወረድሁኝ «አጣርተሽ ነይ» ተብዬ፤
የጦሩ ሬዲዮ ምን እንዳለ ውስጡ፣
ቺፑን እነማን ሠርተው፣ እነማን እንደሸጡ፣
መርከቡ ቢቀር፣ መንገዱ ቢዘጋ፣
ስንት ወር እንደምንዘልቅ፣ በስንት እጥፍ ዋጋ።
ዓምድ አንድ፣ የዕቃው ስም። ዓምድ ሁለት፣ ብዛት።
ሦስት፣ የት እንደሚገባ። አራት፣ ምንጭ፦ ከየት?

«ይኸነውን» አሉኝ፣ ከገበያው ጀርባ፤
መገናኛ ክፍል ነው ዕድሜውን ያስገባ።
የተፈታ ቲቪ ከደጁ ተደርድሮ፣
ሽቦው እንደ ሐረግ ከጣሪያው ተቋጥሮ፣
መበየጃው ሲግል፣ ጭሱ ዓይን ሲቆጠቁጥ፣
በመነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር ሲያስቀምጥ፣
ከሬዲዮው ሆድ ዕቃ ምስር የምታህል
አንዲት ጥቁር ነቅሎ አኖራት ከመዳፌ መሀል።

«ይቺው ናት» አለኝ፤ «ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ።
ይቺ ስትቃጠል ሻለቃው ያለ አፍ፣ ሻምበሉ ያለ ጆሮ።
ሞታለች፤ ያዢያት።»

«ምትኳን ከየት ታመጣለህ?»

ሳቀ። «ከሌላ ሙት።
ከልብስ ማጠቢያ፣ ከተጋጨ ቪትዝ፣
ከልጆች መጫወቻ፣ ከወደቀ ቲቪ አንጀት።
እኅቷን ካገኘሁ ይናገራል፤
ካጣሁ ቁጥሩን ጽፌበት መደርደሪያ ላይ ይተኛል።»

«አማራጭ አቅራቢ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ
«የሞተ ቴሌቪዥን» ብዬ ጻፍሁ።
ሰረዝሁት።
ደግሞ ጻፍሁ።

ከሰዓት፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ መምህርት ጥሩዓለም
ምስሯን ከፈተቻት፤ በማጉያው አሳየችኝ የዚያችን ጥቁር ሆድ፣
«ከተማ ነው» አለች፣ «እዪው፣ መንገድ በመንገድ።
ንድፉን እንችላለን፣ ልጆቼ ይሥሉታል፤
እቶኑ ግን የለም፤ ባሕር ማዶ ያድራል።
አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባችበት ያበቃል፤
እዚህ ደግሞ»፣ ጠረጴዛውን በጣቷ ጠረገች፣ «ይታይሻል።»
«ጥሬ ዕቃውስ?»
«እሱማ አሸዋ ነው።»

አሸዋ!
ወደ ሐይቁ ሮጥሁ ብል ያምር ነበር። አልሮጥሁም፤ ባጃጅ ያዝሁ።
ከዳሩ ቁጢጥ ብዬ በሁለት እጄ ዘገንሁ።
ከጣቶቼ መሀል ሾልኮ ሾልኮ አለቀ፤
ከዚህ ጭብጥ እስከዚያች ምስር
ስንት አገር፣ ስንት እጅ እንደራቀ!

እንድሪስ አጠገቤ ደንገል ያስራል፤ ታንኳው ሊያልቅ ነው።
ቅጹን አወጣሁና፣ በጨዋታ መልክ፣ እሱንም ጠየቅሁት።
ምንጭ? በአገጩ ጠቆመ፦ «እዚያ ነበር።»
አቅራቢ? «እኔና ማጭዴ።»
ቢቋረጥስ?
ቀና አለ፤ በአረንጓዴው ምንጣፍ፣ በእምቦጩ ላይ አፈጠጠ፦
«ይኸውልሽ፣ ተቋረጠ።
ከየት እንደመጣ ማንም ያልነገረኝ፣
አበባው ደግሞ ሲያምር፤ ደንገሌን ዋጠብኝ።
አሁን ሁለት ቀን ቀዝፌ ከሰው ዳርቻ ነው የማጭደው።»
እኔ ደግሞ እሱን ነበር ሙሉ ያልሁት።

ማታ መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን ቅጹን ሞላሁ፤
ዓምድ አራት ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ።
ከመስኮቱ ማዶ ዓባይ ድልድዩን አልፎ ይሄዳል፣
ለሰው ምንጭ የሆነ አገር የራሱን ምንጭ ይጠይቃል።
«አይታወቅም» ብዬ ጻፍሁ፣
አለቃዬ «በመጣራት ላይ» ብሎ እንደሚያርመው እያወቅሁ።

ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያ፣ ኪሴን ስገለብጥ
ከሳሕኑ ላይ ዱብ አለች ያቺው ጥቁር ምስር።
ወጣቱ ፈታሽ አገላበጣት በጥፍር።
ትከሻው ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፤
አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተጣርቶ ድምፁ ጠፋ።
«ምንድን ናት?» አለኝ።
ዝም ስለው፣
«እሺ፣ ከየት ነው የመጣችው?»