የዐሥር ቤት ብድር

ጫጫ፣ ሦስተኛ «ለ»፣ የልምምድ ትምህርት፤
ከሃምሳ ሁለት ላይ ሊቀነስ ዐሥራ ሰባት፣
እንደ ለመድኩት፣ እንደ ተማርኩት
«ሁለት አይችልም፤ ካጠገቡ ቤት
አንድ እንበደርለት» አልኩኝ በድፍረት።

ከኋላ ወንበር ሸዋሉል ተነሥታ
«ቲቸር፣ የተበደርነው መቼ ነው የሚመለሰው?» አለች በዝግታ።
ክፍሉ ዝም። እኔም ዝም።
ጠመኔው እጄ ላይ ላበ፤ መልሱን እንጂ ምክንያቱን አላውቅም።

ሰኞ ደብረ ብርሃን፣ ንፋሱ በር ሲገፋ፣
ለመምህር ግዛቸው ነገርኩ፣ አንገቴን ስደፋ።
አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ መሳቢያ ስበው
ጭራሮ አወጡ፣ ዐሥር ዐሥሩን በክር ሰብስበው፤
አምስት እስር፣ ሁለት ልቅ፤ ወደ እኔ ገፉልኝ፣
«በይ ዐሥራ ሰባት ስጪኝ» አሉኝ።

ሁለቱን ሰጠሁ። አነሰ። ቆየሁ።
ኋላ አንዱን እስር ፈታሁ።
ጭራሮው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤
ማን አበደረ? ማንስ ለመነ?
እዚያው ነበር፣ ታስሮ።

«ሂሳብ ፈታሁ» ስል ኖሬ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣
አንድም ቀን ክሩን አልነካሁት፣ የቋጠሩበት።

ዐርብ ወደ ጫጫ፣ በሚኒባስ፣ ጭራሮዬ በከረጢት፤
ረዳቱ «ማገዶ ነው?» ቢለኝ
«የሸዋሉል ዕዳ ነው» አልኩት።