የእኛ ሰኞ

ደጋን ላይ ማለዳ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣
ቸርኬው ይደወላል ከትምህርት ቤት ኋላ።
የሰፈሩ ልጆች ቁልፍ እየቆለፉ፣
ዳቧቸውን ገምጠው አስፋልቱን ሲያልፉ፣
የኔዎቹ ገና ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው፣
ይመር መሃላቸው፣ ክንዱ ትራሳቸው።

ሌሊት ነው የገባው፣ በዘጠኝ ሰዓት፣
የጋላፊ አቧራ ሽበት ሆኖበት፣
አራት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ፣
አስራ አንድ ቀን ሙሉ ከመሪ ጋር ሆኖ።
ከነገ ወዲያ ደግሞ ሞተር ያስነሳል፤
ዛሬ ያልነኩት ክንድ መቼ ይዳሰሳል?

‘ሰኞ ነው’ ይሉኛል። አውቃለሁ፣ ሰኞ ነው፤
ባቲ ገበያ ነው፣ ግመል የሚውለው።
እኛ ቤት ግን ዛሬ እሑድ ነው፣ ተዉኝ፤
ሰኞን ወደ ሐሙስ ገፍቼዋለሁኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ሜትር ባንገቴ፣
ሳልለካ ቀድጄ አላውቅም በሕይወቴ።
ሳምንትም ጨርቅ ነው፤ ለሌላ ሰው ተሰፍቶ
ደረሰን፣ ብብቱ ጠቦ፣ ታቹ ሰፍቶ።
ፈታሁት በመላ። ማክሰኞን አጠፍኩት፣
ከቅዳሜ ቆርጬ ዓርብ ላይ ጣፍኩት።

ያኔ ነው የጀመርን፣ በጦርነቱ ዓመት፣
ዴስኩ ለማገዶ ተፈልጦ ባለቀበት።
ከስፌት መኪናው ጎን ‘ሀ’ን በኖራ ጻፍኩ፤
በሩ ሲከፈትም መልሼ ላክኩ።
ሁለት ወር ተማሩ። ይመር ሲገባ የሉም፤
ሲመለሱ ተኝቷል፤ ሲነቁ እሱ የለም።

አንድ ቀን ኑርዬን ‘አባትህን ሳል’ አሉት።
ሳለ።
የተሳቢውን ኋላ፣
ቀይ መብራቶቹን፣
ታርጋውን፣ አንድ ቁጥር ሳይሳሳት።
ፊት አልነበረውም።

ስዕሉን ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩ።
በማግስቱ ዩኒፎርሙን ትራስ አድርጌ ሰፋሁት።

አሁን ሒሳብ በኛ ቤት በናፍጣ ነው፤
ረውዳ ደረሰኝ ይዛ የምታካፍለው።
ከሚሌ እስከ ባቲ ስንት ሊትር በላ?
‘ዳገቱንስ?’ ይላል ይመር፣ ‘እሱም ይሰላ!’
ቀትር ሲያቃጥል ማንም አያነብም፤
ከመግሪብ በኋላ መጽሐፍ አይዘጋም።
ማሽላ ሲያፈራ ወፍ ጥበቃ ወጥተን
ሳይንስ እንላለን፣ ስማቸውን ጽፈን።

ነፃነት ሲሉት ግን ቀላል እንዳይመስል።
ደወል በሌለው ቤት ደወሉ እኔ ነኝ።
ሌሊት ከክር ጋር ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ፦
ክፍልፋይ አልጨረስን፤ እንግሊዝኛው ቀርቷል፤
የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ
ፈታኙ ‘ሰኟችን ሐሙስ ነው’ ቢሉት ይሰማል?
‘አብሽሪ’ ይለኛል ይመር፣ ካልሲውን እያወለቀ።
አብሽሪ ማለት አይከብድም፣ መንገድ ለሚውል ሰው።

መምህር አረጋ፣ ጠመኔ ካጅጌው የማይጠፋ፣
‘እረፍታችሁ መቼ ነው?’ ይለኛል እየሳቀ።
‘መኪናው ሲመጣ’ እለዋለሁ።
ራሱን ይነቀንቃል፤
ግን ከፈተና የተረፈ ወረቀት
በአጥሩ ያሾልክልኛል።

ባለፈው ይመር የተሰነጠቀ ቸርኬ አመጣ።
ኑርዬ ከግራሩ ላይ በሰንሰለት ሰቀለው፤
ለምን እንደሆነ አልነገረንም።
ሌሊት፣ ጥሩንባው ከመታጠፊያው ሲሰማ፣
ቁምጣውን በአንድ እጁ ይዞ ሮጠና
ሦስት ጊዜ መታው።
የደጋን ውሻ ሁሉ ተነሳ።

ጧት መምህር አረጋ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፦
‘በሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ የምን ደወል ነው?’
መርፌ በከንፈሬ ይዤ ነበር።
‘ገባ’ አልኩት።
ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።
ሰዓቱን አየና
ወደ ራሱ ደወል ሄደ።