ነፍሴ እስክትወጣ

ቀን ቀን መድኃኒት ቅመማ እማራለሁ፤
ማታ የሪጋን ትራሞች አጥባለሁ፤
በተረፈች ቁራጭ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ከገላ ለመውጣት ልምምድ አለኝ፣ ትጋት።

መጽሐፉ እንደሚለው፦ በጀርባሽ ተኝተሽ፣
ከጣትሽ ጀምረሽ መላ አካል አላልተሽ፣
ገመድ አለ በዪ ከጣሪያው የወረደ፤
እሱን ይዘሽ ውጪ፣ ሥጋሽ እንደከበደ።

ገመዱን ልይዝ ስል ትዝ ይለኛል ሌላ፦
ዲጎክሲን ስንት ይበቃል ከሰባ ዓመት በኋላ?
የዓርቡ ፈተና አብሮኝ ይተኛል፤
ሽቅብ ስንጠለጠል እግሬን ይይዘኛል።

ሰባት ቁጥር ትራም ውስጥ ባልዲዬን ታቅፌ፣
ቆሜ ያገኘኛል ከዘንጉ ተደግፌ፤
ታሊቫልዲስ ነው፣ የሌሊቱ ሹም፤
«ቪዝማ፣ ነፍስሽ የታለች?» ይላል፤ ሌላ አይልም።
ምን ልበለው እኔስ? «እረፍት ላይ ናት፣ ጌታዬ፤
በአሥር ሰዓት ነው ከሷ ጋር ቀጠሮዬ»?

ሃያ አራቱን ሰዓት በማስመሪያ ከፍዬ፣
ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ፣ «ይበቃኛል» ብዬ፤
ለትምህርት ሰማያዊ፣ ለሥራ ቀይ ቀባሁ፤
ለመውጣት ወርቃማ፤ ለእንቅልፍ ቀለም አጣሁ።

ዩኒቨርሲቲው ዕዳውን በደብዳቤ ይጠይቃል፤
ታሊቫልዲስ ደግሞ ከደመወዝ ይቆርጣል፤
እንቅልፍ ግን አይጽፍም፣ አይቆጣም፣ አያንኳኳም፤
ሾርባ ሳማስል መጥቶ ይወስደኛል፤ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሁለት እግር ይዞ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤
የኔ ዛፍ ሦስት ነው፤ አንዱማ ሥር የለው፣ ሰማይ ላይ ይበቅላል።

አከራዬ አውስማ ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤
ገመዱን ስነግራቸው ሳቅ ያፈናቸዋል።
«ይሄማ ቀላል ነው! ሊፍት የለን፣ ልጄ፤
ደረጃ ስወጣ የድንች ዘንቢል ይዤ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነፍሴ ትወጣለች፤
ከበር ቁልፍ ስፈልግ ደርሳ ትገባለች።»

ረቡዕ ሌሊት ነው። በረዶ ይጥላል።
ገመድም አላሰብኩ፤ ገላዬ ዝሏል፤
ብቻ፣ ሳላውቅ ወጣሁ።
ጀርባዬ ኮርኒሱን ነካ፤ አልቀዘቀዘኝም።
ዕቅድማ ነበረኝ፦ ዳውጋቫን ተሻግሬ፣
በባሕረ ሰላጤው፣ በጨው ነፋስ በርሬ፣
ከመብራት ማማው በላይ፣ ከከዋክብት ሠፈር…
ታች አየሁ። አንዲት ልጅ አለች።

ጫማዋን እንኳ አላወለቀች።
ጉንጯ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፤
ለሃጯ «ልብ» የሚለውን ቃል አርሶታል፤
በረኪናው ጣቷን ሰነጣጥቆታል፤
ቀኝ እጇ፣ በእንቅልፍም፣
መወልወያ እንደጨበጠ ተቆልምሟል።
መስታወት ይህችን ልጅ አሳይቶኝ አያውቅም፤
መስታወት ፊት የቆመ ሰው ዓይኑን አይከድንም።

ብርድ ልብስ ላልብሳት፦ እጄ አልፎት ሄደ።
ስልኩ ሊጮህ አራት ደቂቃ ቀርቶታል፤
ላጥፋው ብዬ ብነካው ጣቴ በውስጡ ሰመጠ።
ከዋክብት ይደርሳል የተባለለት እጅ
ስልክ ማጥፋት አቃተው!
አራቱን ደቂቃ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤
ጨረቃን አላየሁም፤ አጠገቧ ነበርኩ።

ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ስልኩ ሲያምባርቅ፣
እጅ ጓንት ውስጥ እንደሚገባ ገባሁባት፤
በዚያ በሻከረ ጣት ድምፁን ገደልኩትና
እስከ ሐሙስ ቀትር ተኛን፣ ሁለታችንም።

ሕልም ነው ቢሉኝ አልከራከርም።
ፈተናውን ከአሥር ስድስት አገኘሁ።
ዲጎክሲን አልመጣም።

አሁን ቅዳሜ ብቻ ገመዱን እሞክራለሁ፤
አንዳንዴ ሳልጨብጠው ተኝቼ አድራለሁ።
ትናንት ታሊቫልዲስ በሰባት ቁጥር በር ብቅ ብሎ፣
«ነፍስሽ የታለች?» ሲል እንደ ልማዱ፣
«እዚሁ ናት» አልኩት፤
«ባልዲው ቆሽሾባት ውኃ እየቀየረች።»