ጥሬ

ጣርማበር አፋፉ ላይ፣ ጉም መንገድ ሲበላ፣
ከፊት የለም ገደል፣ የለም አገር ኋላ፤
ኤፍ ኤስ አሩም ያን ቀን ስሚንቶ ተጭኖ
ያስላል፣ ያቃስታል፣ ሽማግሌ ሆኖ።
እኔ ረዳት ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ታኮ ይዤ እምሮጥ ዳገት ቁልቁለት።
«እስቲ መሪ ልያዝ» ብዬ ብጠይቀው፣
ጋሽ ሸዋታጠቅ ሳይዞር፣ ጥርሱን እየፋቀው፣
«ጥሬ!» አለኝ።
          በቃ።
          አንድ ቃል ነው ያለው፤
ማርሽ ቀነሰና ቁልቁለቱን ያዘው።

ሞልቶ የለም ወይ ስም ላልተሞከረ ሰው?
እንጭጭ ቢለኝ ኖሮ፣ ቀን ነው የሚያበስለው፤
ለጋ ቢለኝ ኖሮ፣ ቅቤም ለጋ አለው፤
ጀማሪም ጀምሯል፣ አንድ እግሩን አንሥቷል፤
ጨቅላም እናት አለችው፣ በጀርባ ይታዘላል።
ጥሬ ግን ጆንያ ውስጥ ዝም ብሎ ሚተኛ፣
እሳት የሚጠብቅ የቀጠሮ እስረኛ።

ያን ሌሊት ሸዋ ሮቢት፣ ሙቀቱና ቢንቢው
ገላዬን ሲካፈሉ፣ ቃሉን ሳመነዥከው፦
ጥሬ ሥጋ ሲሆን ሰው ይሻማበታል፤
ጥሬ ገንዘብ ሲሉ ቼክ ወዲያ ይጣላል፤
ጥሬ ሐቅ ሲመጣ ሽማግሌ ይፈራል፤
ይኸው ቃል ሰው ላይ ሲያርፍ ምን ነክቶት ይረክሳል?
እያልኩ ተሟገትኩኝ ከጋቢናው ጣሪያ፤
ጣሪያው ዝም አለ እንጂ፣ ምን ያውቃል ጣሪያ።

ሦስት ዓመት ቆላኝ። አያርፍም ምላሱ፣
ማማሰያው እሱ፣ ምጣዱም ራሱ።
«ጎማ በብረት ምታ፣ ሲያለቅስ ስማው፤
ዘይት በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫ ነው፤
ቁልቁለት በማርሽ ነው፣ ፍሬን አትመነው፤
ፍሬን የሩቅ ዘመድ፣ ሲጨንቅ የሚጠፋው፤
ጉሙን አትጋፋው፣ እሱም መንገደኛ ነው፤
ሰማህ ወይ፣ አንተ ጥሬ?»
               ሰምቻለሁ።
ስሜን እስክረሳው ድረስ ሰምቻለሁ።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ከዋሻው ስንወጣ፣
ጉም እንደ ነጭ በሬ ፊታችን ሲመጣ፣
መኪናውን አቆመ፤ መነጽሩን አበሰ።
ደግሞ አበሰ።
በሸሚዙ ጫፍ፣ እያዞረ፣ ደግሞ አበሰ።
መስተዋቱ አልነበረም የጨለመበት።
«ና ያዝ» አለኝ፤ ዞሮ እኔ በነበርኩበት
ወንበር ተቀመጠ፣ ታኮውን ታቅፎ፤
ፍሬን ይረግጣል እግሩ፣ በባዶው፣ አልፎ አልፎ።

ደብረ ሲና ወረድን፤ የቆሎ ገበያ፤
እትዬ ወርቅያንጥፉ በጣሳ መስፈሪያ
ገብስና ሽንብራ እየሰፈረች፣
ማን እንደ ወረደ ከመሪው አይታ፣ «ጥሬው ነዳ?» አለች።
ዝም አለ። ከቆሎው አንዲት ያልፈካች ፍሬ
ለይቶ አወጣና፣ «ይኸው አንዱ ጥሬ፤
ሥራሽን አታውቂም!» ብሎ ሊወረውር፣
እጁን ያዝ አድርጋ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣
«ለዘር ያኖርኩት ጥሬ ከቤቴ ጥግ አለ፤
ቆሎማ ተዘርቶ የት አገር በቀለ?»
ብላ ጨመረችልን ምራቂ አንድ እፍኝ።
እሱ አልሳቀም። ታኮውንም አልሰጠኝ።

አሁን መሪው የኔ ነው። ጋሽ ሸዋታጠቅ የለም።
ረዳቴ ይበልጣል፣ የሞላሌ ልጅ፣ እንቅልፍ አያውቅም፤
ትናንት አፋፉ ላይ፣ እኔ ማርሽ ስቀንስ፣ አንገቱን አውጥቶ
በመስኮት ሲያይ ቆየ፣ ጠጉሩ ጤዛ ሞልቶ፣
«ጋሼ፣ ይሄ ጉም ግን ማታ የት ይገባል?
ሽቅብ ነው ቁልቁል ነው የሚሄደው?» ይላል።
ሃያ ዓመት ስጋፋው አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤
ጎን ለጎን ስንነዳ፣ ከየት ነህ አላልኩም።
ውስጤን መታሁት በብረት፣ እንደ ጎማ፤
ድምፅ አልተሰማ።
ቃሉ አፌ ላይ መጣ። ልውጠው ብል አልዋጥኩት።
«ጥሬ!» አልኩት።

ቀናሁበት።