ቁራሌው ሳይመጣ

እግሬ በጀሶ ታሽጎ፣ ከደጃፍ ተቀምጬ፣
ክራንቼን ግንብ አስደግፌ፣ ጆንያ አንጥፌ፣ ቢላ ጨብጬ፣
ሥራ ገባን ዛሬም፣ እኔና ሁለቱ አለቆቼ።
ሲትራ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤
ሙአዝ ቆሞ ሄደ ቢባልም
ገና መውደቁን ነው የሚለማመደው።

ረውዳ ከሆስፒታል አድራ ገብታ ተኝታለች፤
"ኮሽ እንዳትሉ" ብላለች።
ይህን ለቆርቆሮ ማን ይንገረው?

የሳምንት ጥሪታችን ይኸው፦
ወገቡ የተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን፣
ሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳ
(አንዱ ከሰኞ ጀምሮ አፈር ሞልቶት ተገኝቷል፣
ማን እንደሞላው አልጠየቅኩም)፣
ሃይላንድ፣ ሃይላንድ፣ አሁንም ሃይላንድ፣
ባለ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣
ጓደኛውን አምና አዌቱ ተውሶ ያልመለሰው፣
ቆርኪ ደግሞ እፍኝ ሙሉ።

የጀሪካኑን ጎን ከፈትኩት፣ ታቹን በሚስማር በሳሳሁት።
"አባ፣ ለምን ትወጋዋለህ?"
"እንዲተነፍስ ነው ልጄ፣ ውሃው እንዲወጣለት።"
ሚስማሩን አየች። የኔን ጀሶ አየች።
እግሬን ቀስ ብዬ ወደ ጥላው ሰበሰብኩት።

አፈር ማመላለስ የሲትራ ነው፣ በሻይ ማንኪያ፤
በዚህ አያያዝ ለአረፋ እንጨርሳለን።
የጅማ ቀይ አፈር አንዴ ከነካ አይለቅም፤
ግንቡ ላይ አምስት ጣት፣ ሸሚዜ ላይ አምስት ጣት፣
እናት የተኛችበት በር ላይ አሥር።
ሰው ሲለምን "አፈር ስሆን" ይላል፤
ሙአዝ ቃል አያበዛም። አንዴ ጎረሰ፣
ጨው እንደጎደለው ወጥ ፊቱን አኮሳተረ፣
አሰበ፣
ደገመ።

የሃይላንድ ቂጥ ሲቆረጥ አበባ ነው፣
ፋብሪካው ሳያውቀው የሠራው።
ቆርኪውን መሀሉ ላይ በሽቦ አሰርነው።
ኮንጎው ቤት ሆነ። ለማን? ለእንቁራሪት፣ አለች ሲትራ፤
ኪራይ እንኳ አልተነጋገረችም።
በጀሪካኑ ቆስጣ፣ በአንዱ ጣሳ ሽንኩርት፣
በአንዱ ከእነ ነጂባ ጓሮ የተለመነ ጤና አዳም።

ጅማ ላይ አትክልት ማጠጣት
ለሀብታም እንደ ማበደር ነው፤
ከቀትር በኋላ ሰማዩ ራሱ ከጅሬን በኩል ይመጣል።
ይህን ማን ይሰማል! ዝናቡም ያጠጣል፣ እነሱም ያጠጣሉ፣
ክዳኑ በተበሳሳ ሃይላንድ።
"ቢሻን! ቢሻን!" ይላል ሙአዝ፣
ካሉት አራት ቃላት አንዱን መዝዞ፣
ግማሹን ለቆስጣው፣ ግማሹን ለጀሶዬ።

"ቁራሌው!" አለ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ።
ደነገጥኩ።
አይሱዙዬን በኪሎ የመዘነው እንዲህ ያለ ድምፅ ነበር፣
ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በከዳኝ በሁለተኛው ሳምንት።
የተረፈኝ ቁልፉ ነበር፣ ሚስማር ላይ የሰቀልኩት፤
እሱም ሰኞ ጠፋ። ፍራሽ ገለበጥኩ፣ ኪስ ፈተሽኩ፣
ለረውዳ ግን አልተነፈስኩም፤
መኪና የሌለው ሰው ቁልፍ ጠፋብኝ ይላል?

"ጀሪካኑን በሁለት ኩባያ" አለ ቁራሌው አንገቱን አስግጎ፣
"ጣሳዎቹንም እጨምራለሁ።"
ሲትራ ሮጣ ሦስተኛውን ጣሳ አቀፈች።
"ይሄን አትወስድም! የአባ ነው!"
"ምን ተክለሽበታል?"
"መኪና።"

በማንኪያዋ ጫረች፤
ቀዩ የቆዳ ማንጠልጠያ ብቅ አለ፣ ከዚያ የቁልፉ ጥርስ፣
ሦስት ቀን ጠጥቶ የወዛ።
"ገና ነው" አለችኝ መልሳ እየሸፈነች፣
"ጎማው አልበቀለም።"

ቁራሌው ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ
ጉሮሮዬ ላይ አፈር ያለ መሰለኝ።
ክራንቼን ይዤ ተነሣሁ፣ ሃይላንዱን ተቀበልኳት፣
አጠጣሁ፣ በዝናብ፣ እንደ ሞኝ።

በሩ ተከፈተ። ረውዳ፣ ዓይኗን እያሸች፦
"የጥፍር ቀለሜን ማን ነው ያነሣው?"
አጥሩ ላይ አምስት አበቦች ቀልተው ያብለጨልጫሉ።
ሙአዝ በቀይ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።