የኦስማር ደብተር

ባሌ ኦስማር ደብተር አለው፣ ባለመስመር፣
ማታ ማታ በእርሳስ የሚጽፍበት፣ በመነጽር።
«ከኮሞዶሮ እስከ ኡማዋካ» ይላል ከላይ፣
«ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥምዝምዙ ሳይታይ።»
ከሥሩም፦ «ስድስት ቀን። በሌሊት አንነዳም፤
ጓናኮ አስፋልት ላይ ከቆመ ዞር በል ቢሉት አይሰማም።»

መኪናችን ፔጆ ናት፣ አምስት መቶ አራት፣
ወተት መሳይ ነበረች፣ ጨዋማው አቧራ ሳይልሳት።
የኋላ በሯ በገመድ ነው የሚታሰር፤
ከቆመችበት ሥር ዘይቷ ጥቁር ካርታ ይሥላል በምድር።
የነዳጅ ጌጇ ዋሾ ነው፣ ሙሉ ነኝ እያለ የሚርበው፤
ስታስል ምን እንዳማራት ኦስማር ብቻ ነው የሚለየው።

ጭነቱንም ጽፏል፤ ሰርዟል፤ መልሶ ጽፏል፦
የስፌት መኪናዬ ይገባል። የእናቱ ቁም ሳጥን ይቀራል።
ድስት ሦስት። ብርድ ልብስ አራት። ትርፍ ጎማ ሁለት።
ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ለራዲያተሯ ውሃ፣ ለእኛ ዳቦና ወተት።
ውሻው ፒሉቾ «ከስፌት መኪናው ላይ» ተብሎ ተመድቧል፤
እኔስ የት ልቀመጥ ብለው፣
በእርሳስ የሠራትን ትንሽ ሳጥን አሳይቶኛል።

ኡማዋካ የእኔ ነው። እህቴ ቤቷን ትታልኝ አለፈች፤
የጭቃ ቤት፣ በሩ ሰማያዊ፤ ቁልፉን በፖስታ ልካ ነበር የሞተች።
እሱ ግን እዚህ ነው የተወለደው፣ በባሕርና በነፋስ መሀል፤
ነፋሱ አንድ ሌሊት ጸጥ ካለ «ምን ሆነ?» ብሎ ይባንናል።

መጋቢት ወጣ። ሰኔ ገባ፣ ከነበረዶው።
ደብተሩ ተጋመሰ፤ ፔጆዋን ከባውቲስታ ጋራዥ የሚለያት ጠፋ፣ ማን ሊያስጥላት ከጉዶው?
አንድ ቀን ክላች ነው። አንድ ቀን ድምፅ፣ ስሙ የማይታወቅ፣
ሰማንያ ላይ ስትደርስ ከሥሯ የሚንኳኳ፣ ለእሱ ብቻ የሚያስጨንቅ።
«ኤርሚንዳ፣ አንድ ቦታ ላይ ትተወናለች» ይለኛል፤
«ከሴራ ግራንዴ ወዲያ በግ እንኳ የለም፤ ማን ይደርስልናል?»

ትናንት ዱቄት ልገዛ ስወጣ ባውቲስታ ከበሩ ጠራኝ፤
እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ጥሎ ነገረኝ፦
«እመቤቴ፣ መኪናዋ ከሚያዝያ ጀምሮ ደህና ናት።
ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ‹አንድ ነገር ፈልግባት›
ይለኛል። እኔ ምን ልበል? ኮፈኗን እከፍታለሁ።
ማቴ እንጠጣለን። ይሄዳል። እዘጋለሁ።»

አልተቆጣሁም። ዱቄቱን ግን ረሳሁት።
ሰው ፍሬን የሚይዘው ቁልቁለት ሲያይ ነው፤
የእኔ ሰው አቀበት ፊት ያዘው።

ሲተኛ ደብተሩን ወደ አምፖሉ አስጠግቼ ገለጥሁት።
ከመጨረሻው ገጽ አንድ መስመር በላጲስ ጠፍቷል፤
እርሳሱ ሄዶ፣ ጉድጓዱ ቀርቷል።
አርባ ዓመት ነዳጅ ቆፋሪ እጅ፣ ሲጽፍም ይቆፍራል።
አጋድሜ በብርሃን አነበብኩት፦
«እዚያ ማን ያውቀኛል?»

በሃያ ዓመቴ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ነፋሱ ሻርፔን ነጥቆኝ ሲበር፣
እዚህስ እኔን ማን ያውቀኝ ነበር?
ሻርፑን አሳዶ ያመጣልኝ አንድ ጎረምሳ፣ ጫማው በዘይት የራሰ።
ይህን አልጻፍኩም። የጻፍኩት ያነሰ፦
«ሐሙስ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት።» በእስክሪብቶ።
ላጲሱን ከዱቄት ጣሳው ውስጥ ቀበርኩት፤ ባዶ ነበር፣ ዱቄት ጠፍቶ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ተነሣ። አነበበ። ደብተሩን ዘጋ።
ካፖርቱን ደርቦ ወጣ፣ ገና ሳይነጋ።
አሁን ከጓሮ የፔጆዋ የኋላ በር ገመድ ሲጎተት ይሰማኛል፤
ይፍታው፣ ያጥብቀው፣
በዚህ ነፋስ መሀል ማን ይለያል?